ሃያ ፓውንድ በየወሩ

ቢሮዬ ግሪምስቢ ነው፣ ከዓሣ ገበያው ዳር፤
መስኮት ስከፍት የሚገባው ጨውና ናፍጣ የቀላቀለ አየር።
ማክሰኞ ማክሰኞ ሰው ከፊቴ ይቀመጣል፣
ያልተከፈተ ፖስታውን ከፌስታል ይዘረግፋል፤
እኔም በየቀኑ በየቀኑ ለይቼ እደረድራለሁ፣
ሻይ በወተት አቅርቤ «መላ አይጠፋም» እላለሁ።

ጃኒስ ብላንቻርድም እንዲሁ ነው የመጣች፣
ዛሬ ስምንት ዓመቷ፣ ቀኝ እጇን በፋሻ ጠቅልላ የገባች።
ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ዓሣ ካጥንቱ ስትለይ፣
አንጓዋ ከዳት በመጨረሻ፣ ቀረ የሌት ፈረቃው ሲሳይ።
በወር መቶ አርባ ፓውንድ ትከፍል የነበረች፣
ሃያዋን ብቻ አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች፤
«ሌላ የለኝም፤ ይህችን ግን አላጓድልም» አለች።

ደወልኩ ላበዳሪው። አርባ ደቂቃ ሙዚቃ።
ከዚያ አንድ ወጣት ድምፅ፣ ትሑት፣ ጠንቃቃ፦
«ሃያ እንቀበላለን፤ ወለዱም ይቁም» አለን።
እኔና ጃኒስ በደስታ እጅ ለእጅ ተያያዝን።
ስለ መዝገቡ ነግሬያታለሁ?
መሰለኝ። አዎ፣ ሳልነግራት አልቀርም፤
እንደ ወረቀቱ ግርጌ ፊደል በቀጨጨ ድምፅ፣
እሷም አልሰማችኝም።

ከዚያ ወዲያ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን፣
ዝናብም ይጣል በረዶ፣ የገና ሰሞንም ቢሆን፣
ሃያ ፓውንድ። ሃያ ፓውንድ። ዘጠና ስድስት ጊዜ።
ባሏን በቀበረችበት ወር እንኳ፣ ከነትካዜ።

ጎረቤቷ ቴሪ ግን በዚያው ዓመት፣ በዚያው ክረምት፣
ያንኑ ያህል ተበድሮ፣ የበሩን ፖስታ ቀዳዳ በፕላስተር አሸገበት።
«ከሌለኝ የለኝም» ብሎ አንዲት ሳንቲም አልላከም፤
ባንኩም «ውል አፍራሽ» ብሎ ለመመዝገብ አልዘገየም።

አሁን የጃኒስ ጉልበት ደረጃ መውጣት አቃተው፤
ምድር ቤት ሁለት ክፍል አየች፣ ጠዋት ፀሐይ የሚያገኘው።
አከራዩ መዝገቧን አስመጣ፤ አየ፤ «ይቅርታ» አለ።
ቤቱን ማን ወሰደው? ቴሪ።
ስድስት ዓመት ሞልቶታል፣ ጥፋቱ ከመዝገብ ጠፍቷል፤
የወደቀ ሰው፣ ከወደቀበት ዕለት አንስቶ ቀን ይቆጠርለታል።
ለሚድኸው ግን ቆጠራው
ዳዴውን ከጨረሰበት ዕለት ገና መጀመሩ ነው።
ለጃኒስ፣ ያለፈው ወር።

መዝገቧን ዘረጋችልኝ። ዘጠና ስድስት ሣጥን፣
በያንዳንዱ አንድ ዓይነት ምልክት፦ በስምምነት፣ ከውሉ በታች።
ጣቷን ከሣጥን ሣጥን እያሻገረች፣
«እኔ ያየሁት ዘጠና ስድስት ጊዜ መክፈሌን፤
እነሱ ያዩት ዘጠና ስድስት ጊዜ ማጉደሌን» አለች።
ዕዳው ሞቶ ተቀበረ፤
ስሙ ግን ከመቃብሩ በላይ ዋለ።

«አንድ መላ አለ» አልኳት፣ ዓይኗን ማየት እያፈርኩ፤
«አበዳሪውን እንጠይቅ። ያን ጊዜ፣ በመጀመሪያው ክረምት፣
ወድቃ ነበር ብሎ ይመዝግብሽ፣ ቀኑን ወደ ኋላ መልሶ፤
ያኔ ጥፋትሽ ያረጃል፣ ይወርዳል ጊዜው ደርሶ።»
«ቃሌን በላሁ ብዬ ልፈርም?»
«ለመዝገቡ ነው።»
«ሳልበላ?»

ዝም አልን። ከታች፣ ከመጫኛው ላይ፣ ሁለት የባሕር ወፎች
ባንድ የዓሣ ጭንቅላት ይጓተታሉ።
ደብዳቤውን አነበበች፤ ደግማ አነበበች፤
እስክሪብቶ ጠየቀችኝ፣ በዚያች በታመመች እጅ ፈረመች።
ከፊርማዋ ሥር ግን፣ ሳልነግራት፣ በተንጋደደ መስመር
አንዲት ቃል ጨመረች፦
ከፍያለሁ።

ልሰርዘው ይገባ ነበር፤ ለጉዳያችን አይበጅም።
ፖስታውን በምላሴ አርሼ አሸግኩት፤
የሙጫው ጣዕም እስከ ማታ
ከአፌ አልለቀቀም።